የአትላንታው ፎክስ ቴአትር ከመፍረስ እንዴት እንደ ዳነ



በዛሬው ምሽት ንግግራችን የአንድ ሕንፃ ታሪክ እንመለከታለን። ሕንፃው የሚገኘው በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል፣ በጆርጂያ ግዛት ዋና ከተማ በአትላንታ ነው፤ ስሙም ፎክስ ቴአትር ይባላል። ንጉሥ ያልኖረበት፣ ጦርነት ያልተደረገበት፣ የመንግሥታት ውል ያልተፈረመበት የሲኒማ ቤት ታሪኩ ምን ይረባል የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ የአንድ ከተማ ሕዝብ ጠባይ የሚታወቀው በቤተ መንግሥቱና በጦር ሜዳው ብቻ አይደለም፤ ሥራውን ጨርሶ ተሰብስቦ በሚደሰትበት ቦታም ጭምር ይታወቃል። ማን በየትኛው በር ይገባ ነበር? ማንስ የት ይቀመጥ ነበር? ቤቱ በተቸገረ ጊዜስ ማን ደረሰለት? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዘን ብንነሣ የዚህ ሲኒማ ቤት ታሪክ ብዙ የሚያስተምረን ነገር እናገኝበታለን። በንግግራችን ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት የሲኒማን አመጣጥ በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። የሊዩሚዬር ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ገንዘብ ለከፈለ ሕዝብ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ካሳዩ በኋላ፣ አዲሱ ጥበብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዓለሙን ሁሉ አዳረሰ። ነገር ግን በመጀመሪያው ዘመን ክብር አልነበረውም። በአሜሪካ ከተሞች ሥዕሉ ይታይ የነበረው ቀድሞ ሱቅ በነበሩ ጠባብ ቤቶች ውስጥ ሲሆን፣ መግቢያው አምስት ሳንቲም፣ መቀመጫውም ደረቅ አግዳሚ ነበር። ጨዋ ነኝ የሚል ሰው ወደዚያ ሲገባ እንዲታይ አይወድም ነበር። በእኛም ከተማ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው ከአባቶቻችን ሰምተናል። አዲስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚቀበለው ዕጣ ይኸው ነው።

የአሜሪካ የሲኒማ ነጋዴዎች ይህን ንቀት ለማስወገድ አንድ ብልሃት አገኙ። ሥዕሉን ከሱቅ አውጥተው በቤተ መንግሥት ውስጥ አስቀመጡት። ከ1910ዎቹ ጀምሮ እስከ 1929 ድረስ በታላላቆቹ ከተሞች ውስጥ የእብነ በረድ ደረጃ፣ የወርቅ ቅብ ምሰሶ፣ የመስታወት መቅረዝና የከፋይ መጋረጃ ያላቸው ሲኒማ ቤቶች ተሠሩ። ሕዝቡም «የሲኒማ ቤተ መንግሥት» አላቸው። በ1927 በኒው ዮርክ የተከፈተው ሮክሲ ቴአትር ብቻ 5,900 ያህል መቀመጫዎች ነበሩት። የእነዚህ ቤቶች ምስጢር የሚከተለው ነበር። በቀን ሲጽፍ የሚውለው የቢሮ ጸሐፊ፣ ስትሰፋ የምትውለው ልብስ ሰፊ፣ ዕቃ ሲሸጥ የሚውለው የሱቅ ሠራተኛ፣ ጥቂት ሳንቲም ከፍለው ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓት የመኳንንት ኑሮ ይኖሩበት ነበር። የደንብ ልብስ የለበሰ አስተናጋጅ በር ይከፍትላቸዋል፤ ሙዚቀኞች ይጫወቱላቸዋል፤ ከራሳቸው በላይ ወርቅ ያበራል። ሀብታሞች በርስት የሚያገኙትን ድሀው በሰዓት ተከራይቶ ያገኘው ነበር ለማለት ይቻላል።

የአትላንታው ቤት ግን ሲጀመር ሲኒማ ቤት ይሆናል ተብሎ የታሰበ አልነበረም። ሽራይነርስ የሚባል፣ ከፍሪሜሶኖች መካከል የወጣ፣ የወንድማማችነትና የበጎ አድራጎት ማኅበር ነበረ፤ ዛሬም አለ። የዚህ ማኅበር አባሎች እስላሞች ባይሆኑም፣ ለበዓላቸው ቀይ ታርቡሽ መድፋትን፣ ለማኅበራቸውም የዐረብ አገር ስም ማውጣትን ልማድ አድርገው ነበር። ያራብ የተባለው የአትላንታ ቅርንጫፋቸው በ1920ዎቹ ብዙ ሺህ አባሎች ስለ ነበሩት፣ የሚሰበሰብበት ታላቅ አዳራሽ ለመሥራት ቈረጠ። ሥራውንም ማርዬ፣ አልጀርና ቪኑር ለተባሉት የሕንፃ ንድፍ ባለሙያዎች ሰጠ። እነርሱም የማኅበሩን ልማድ ተከትለው ጕልላትና ሚናራ ያለው፣ ከሩቅ ለሚያየው መስጊድ የሚመስል ሕንፃ ነደፉ። የሕንፃው ባለቤት የሆነው ኩባንያም «መስጊድ» የሚል ስም ተሰጠው። በ1922 በግብፅ አገር የፈርዖን ቱታንካሙን መቃብር ከተገኘ ወዲህ የጥንት ግብፅ ነገር በአሜሪካ እጅግ ተወዶ ስለ ነበር፣ ከአዳራሾቹ አንዱ በግብፅ ቤተ መቅደስ አምሳል ተሠራ።

ነገር ግን የንድፉ ታላቅነትና የማኅበሩ ኪስ ሊመጣጠኑ አልቻሉም። ሥራው ገና በእጅ ላይ ሳለ ገንዘቡ አለቀ። በዚህ ጊዜ ማኅበሩ ታላቁን አዳራሽ ለሲኒማ ቤት ለማከራየት ተገደደ፤ ተከራዩም ዊልያም ፎክስ የተባለው የፊልም ነጋዴ ነበር። ይህ ሰው በ1879 በሃንጋሪ አገር ተወልዶ፣ ገና ሕፃን ሳለ ከወላጆቹ ጋር ወደ ኒው ዮርክ የመጣ፣ በድሆች ሰፈር ያደገ፣ በ1915 የራሱን የፊልም ኩባንያ አቋቁሞ ከአሜሪካ ታላላቅ የሲኒማ ባለሀብቶች አንዱ ለመሆን የበቃ ሰው ነው። አዳራሹን ለ21 ዓመታት ለመከራየት ተዋዋለ። ስለዚህም ቤቱ የማኅበሩ ሆኖ ስሙ የተከራዩ ሆነ።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። አዳራሹ ከ4,600 በላይ ሰዎችን ያስቀምጣል። ገብቶ የተቀመጠ ሰው ቀና ሲል የሚያየው ጣራ ሳይሆን የምሽት ሰማይ ነው። ዙሪያውን የምሥራቅ አገር ግንብ ቆሞ፣ በግንቡ አናት ላይ ጥቁር ሰማያዊ ሰማይ ተዘርግቶ ይታያል። በሰማዩ ላይ 96 ከዋክብት አሉ፤ እያንዳንዱም ከኋላው ትንሽ አምፑል የበራበት ብርጭቆ ሲሆን፣ ከእነርሱ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት እንደ እውነተኛ ኮከብ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ደመና የሚያስኬድ የብርሃን መሣሪያም ስላለ፣ ተመልካቹ በክረምት ሌሊት በቤት ውስጥ ተቀምጦ በበጋ ሌሊት በሜዳ ላይ ያለ ይመስለዋል። ጣራን ሰማይ የማስመሰልን ጥበብ ከ1923 ጀምሮ በአሜሪካ ያስፋፋው ጆን ኤበርሰን የተባለ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነበር፤ የአትላንታው ቤት ግን ከተሠሩት ሁሉ ከሚደነቁት አንዱ ሆነ። ከሰገነቱ በላይ የተዘረጋው ባለ መሥመር ድንኳንም ጨርቅ ይምሰል እንጂ በብረት ዘንግ የተያዘ የኖራ ልስን ነው፤ ውበት ከመሆኑም በላይ ከመድረኩ የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ ወደ ኋለኞቹ መቀመጫዎች ያደርሳል።

የአዳራሹ ሁለተኛ ግርማ ኦርጋኑ ነው። በሜሪላንድ ግዛት የሚገኘው የሙለር ፋብሪካ የሠራው ይህ መሣሪያ አራት ረድፍ የጣት መምቻና 3,622 ቧንቧዎች አሉት። ከቧንቧዎቹ የሚበልጠው ከአምስት ሰው ቁመት የሚረዝም ሲሆን፣ የሚያንሰው ከመጻፊያ ብዕር አይበልጥም። በአሜሪካ ካሉት የቴአትር ኦርጋኖች ከኒው ዮርኩ የሬዲዮ ሲቲ አዳራሽ ኦርጋን ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። ፊልም ድምፅ ባልነበረው ጊዜ ፍርሃቱንም፣ ደስታውንም፣ የፈረሱን ኮቴና የነጐድጓዱን ድምፅ ለተመልካች የሚያሰማው እንዲህ ያለው መሣሪያ ነበር።

ቤቱ የተከፈተው በፈረንጆች የልደት በዓል ዲሴምበር 25 ቀን 1929 ነው። በዚያ ቀን ከታዩት መካከል ሚኪ ማውስ የተባለውን አይጥ ለዓለም ያስተዋወቀው የዋልት ዲስኒ የካርቱን ፊልም ይገኝበታል። ሕዝቡ ተደሰተ፤ ጋዜጦችም አደነቁ። ይሁን እንጂ የቀኑን ክፋት ልብ በሉ። ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በኦክቶበር 1929፣ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወድቆ የአሜሪካ ሀብት መፍረስ ጀምሮ ነበር። ቤቱ የተሠራው በጥጋብ ዘመን ነው፤ በሩን የከፈተው ግን በችግር ዘመን ደጃፍ ላይ ነበር። ከተከፈተ 125 ሳምንት በኋላ ተዘጋ። ማኅበሩም ሕንፃውን ሊይዝ አልቻለም።

የተከራዩም ዕጣ ከቤቱ የተሻለ አልሆነም። ዊልያም ፎክስ የተፎካካሪውን የሎው ኩባንያ አክሲዮን ለመግዛት ብዙ ገንዘብ ተበድሮ ሳለ፣ በ1929 በመኪና አደጋ ክፉኛ ቈሰለ፤ ወዲያውም ገበያው ወደቀ። በ1930 የገዛ ኩባንያው ከእጁ ወጣ። በ1936 መክሠሩን አስታወቀ፤ በዚሁ የክሥረት ጉዳይ ለዳኛ ጉቦ ሰጥቶ ስለ ተገኘ በኋላ እስር ቤት ገባ። በ1952 ሞተ። ሰውየው እንዲህ ከሆነ በኋላ ስሙ በአትላንታው ቤት ግድግዳ ላይ እያበራ ቀረ። የብዙ ባለሀብት ታሪክ ይህን ይመስላል፤ ስሙ ከሀብቱ ይረዝማል።

ቤቱ ግን አልሞተም። በ1935 እንደገና ተከፍቶ፣ በ1940ዎቹ ከከተማዪቱ ሲኒማ ቤቶች ሁሉ የላቀው ሆነ። ከ1947 እስከ 1968 ድረስ የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በየዓመቱ በጸደይ ወራት እየመጣ በዚሁ መድረክ ላይ ይጫወት ነበር። የአትላንታ ወይዛዝርትና መኳንንት በጌጥና በሐር ተሸልመው የሚታዩበት ሳምንት ይህ ነበር። ወጣቶች የተጫጩት፣ ባልና ሚስት የበዓል ቀናቸውን ያሳለፉት፣ ልጆች የመጀመሪያ ፊልማቸውን ያዩት በዚህ ሰማይ ሥር ነው።

እዚህ ላይ ግን የመጀመሪያውን ጥያቄያችንን ማንሣት ግድ ይሆንብናል፤ ይኸውም ማን በየትኛው በር ይገባ ነበር የሚለው ነው። ከላይ የተናገርነው ደስታ ሁሉ ለከተማው ሕዝብ በሙሉ አልነበረም። በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል በዚያ ዘመን ጥቁሩን ከነጩ የሚለይ ሕግና ልማድ ጸንቶ ስለ ነበር፣ ጥቁሮች በዚህ ቤት ትኬት የሚገዙት ለእነርሱ ብቻ ከተለየ መስኮት ነበር፤ በተለየ በር ገብተው፣ በተለየ ደረጃ ወጥተው፣ ከሁሉ በላይ ባለው ሰገነት ላይ ይቀመጡ ነበር። የእብነ በረዱን መግቢያ፣ የግብፁን አዳራሽ፣ የምንጣፉን ደረጃ አያዩትም። ሥዕሉ አንድ ነው፤ ሰማዩም አንድ ነው፤ ደጁ ግን ሁለት ነበር። ከፋዩ ሁሉ ለአንድ ምሽት መኰንን ይሆናል የተባለበት ቤተ መንግሥት፣ ለጥቁሩ ከፋይ ደጃፉን እንኳ አላሳየውም።

ስለዚህ ነገር ስንናገር አንድ ሰው ትዝ ይለናል። ቄስ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ የተወለዱት በዚያችው ከተማ፣ በዚያው ዓመት፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 1929 ነው። ቤቱና ሰውየው እኩዮች ነበሩ ማለት ነው። ዲሴምበር 15 ቀን 1939 በአትላንታ ሎው ግራንድ በተባለ ሌላ ታላቅ ሲኒማ ቤት «ነፋስ ወሰደው» የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠው ዝነኛ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ፣ በዋዜማው ለነጭ እንግዶች በተደረገው ግብዣ ላይ የኤቤኔዘር ቤተ ክርስቲያን ጥቁር ዘማሪዎች እንዲዘምሩ ተደርጎ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል የአሥር ዓመቱ ልጅ ማርቲን ሉተር ኪንግ ይገኝ ነበር። በዚያው ፊልም ውስጥ የተጫወተችው ጥቁር ተዋናይ ሐቲ ማክዳንየል ግን በሕጉ ምክንያት በምረቃው ላይ ልትገኝ አልቻለችም። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1940፣ ለዚሁ ሥራዋ ኦስካር የተባለውን ታላቅ ሽልማት ተቀበለች፤ ከጥቁሮች ሁሉ የመጀመሪያዋ ተሸላሚ እርሷ ናት። የሥራዋን ፍሬ ለማየት ያልተፈቀደላት ሠራተኛ ማለት ይህች ናት።

ይህ ልማድ በራሱ ጊዜ አልወደቀም፤ የጣሉት ሰዎች አሉ። በ1960 የአትላንታ ጥቁር ኮሌጆች ተማሪዎች ጥቁሮችን በማያስተናግዱ ምግብ ቤቶች ገብተው እየተቀመጡ አንነሣም አሉ። በኦክቶበር 1960 ዶክተር ኪንግ ከእነርሱ ጋር በአንድ ታላቅ መደብር ምግብ ቤት ተገኝተው ታሰሩ። ትግሉ ቀጠለ፤ ነጋዴዎችም ከጊዜው ጋር መስማማት እንደሚሻላቸው ተረዱ። በ1962 የከተማው ሲኒማ ቤቶች፣ ፎክስ ቴአትርም ጭምር፣ በራቸውን ለሁሉ እኩል ከፈቱ። መላው አገሪቱን የሚያስገድደው የሲቪል መብት ሕግ የወጣው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ በ1964 ነው።

ነገር ግን በሩ ለሁሉ በተከፈተበት ዘመን የሚገባው ሰው እያነሰ መጣ። ለዚህም ምክንያቱ ብዙ ነው። ቴሌቪዥን በየቤቱ ገባ። ብዙው የከተማ ነዋሪ ከመሐል ከተማ ወደ ዳር ሰፈር ሄደ፤ መኪናውን በነፃ የሚያቆምበት፣ በቅርቡም ፊልም የሚያይበት አነስተኛ ሲኒማ ቤት አገኘ። በ1948 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊልም ሠሪዎቹ ታላላቅ ኩባንያዎች የሲኒማ ቤቶቻቸውን ይዘው እንዳይቀጥሉ የሚያደርግ ፍርድ ስለ ሰጠ፣ እነዚያን ሰፋፊ ቤቶች ከትርፉ እየደጐመ የሚይዛቸው ጌታ ጠፋ። አምስት ሺህ መቀመጫ ያለው ቤት መቶ ሰው ብቻ ሲገባበት የመብራቱን ሒሳብ እንኳ አይከፍልም። መሬቱ ግን በየዓመቱ ይወደዳል። ስለዚህ በየከተማው ቤተ መንግሥቶቹ ይፈርሱ ጀመር። ታላቁ ሮክሲ ከተሠራ 33 ዓመት ብቻ ቈይቶ በ1960 ፈረሰ። በአትላንታም የፎክስ ቴአትር ነዳፊ የሆነው ፊሊፕ ቶርንተን ማርዬ በ1905 የሠራው ታላቁ የባቡር ጣቢያ በ1972 ፈርሶ ነበር።

በ1974 ተራው የፎክስ ቴአትር ሆነ። ሳውዘርን ቤል የተባለው የስልክ ኩባንያ ለዋና መሥሪያ ቤቱ የሚሆን ቦታ ሲፈልግ፣ ቤቱ የቆመበትን መሬት ሊገዛ ተነሣ። ገዢው ሕገ ወጥ ነገር አላሰበም፤ ሻጮቹም የራሳቸውን ሀብት ነው የሚሸጡት። ቤቱ በጃንዋሪ 1975 የመጨረሻውን ፊልም አሳይቶ ተዘጋ። ያ ፊልም ስለ ኩ ክላክስ ክላን፣ ማለት ጥቁሮችን ያሳድድ ስለ ነበረው የደቡብ ማኅበር የሚናገር መሆኑ የታሪክ አጋጣሚ ነው።

የቤቱ መሸጥ በተሰማ ጊዜ ግን ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። የአትላንታ ሕዝብ ጮኸ። ያስቀመጠውን ሀብት ሊነጥቁት እንደ መጡበት ሰው ሆኖ ጮኸ። «ፎክስን አድኑ» የሚል ቃል በየመንገዱ ተነበበ፤ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ሙዚቀኛው፣ ባለሀብቱ በአንድነት ተነሡ። ጥቂት ሰዎችም የአትላንታን ታሪካዊ ሕንፃዎች ለማዳን አንድ ማኅበር አቋቁመው ለማትረፍ ሳይሆን ለማትረፊያው ቤት ሕይወት መሥራት ጀመሩ።

ከሁሉ ይልቅ በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ልብ ልንለው የሚገባን ነገር የሚከተለው ነው። ሕንፃን ለማፍረስ የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። የአትላንታ ማዘጋጃ ቤት ደግሞ ያን የማፍረሻ ፈቃድ አልሰጥም አለ። በዚያን ጊዜ የከተማው ከንቲባ በጃንዋሪ 1974 ሥራውን የያዘው ሜናርድ ጃክሰን ነበር፤ የአትላንታ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ እርሱ ነው። ነገሩን አስተውሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው በዚያ ቤት የሚገባው በተለየው በር፣ የሚቀመጠውም በላይኛው ሰገነት ላይ ነበር። የራሱን ወገን በደጃፍ ያገደውን ቤት ይፍረስ ብሎ ፊርማውን ቢያኖር ማን ይፈርድበት ነበር? እርሱ በሚመራው አስተዳደር ግን ቤቱ የከተማው ሁሉ ቅርስ ሆኖ ተቈጠረ። ፈቃዱ በመዘግየቱ የተገኘው ጊዜ ሁለቱ ወገኖች ተቀምጠው እንዲነጋገሩ አደረጋቸው። አንዳንድ ጊዜ አገርን የሚያድናት ፈጥኖ የወረደ ማኅተም ሳይሆን፣ ደግሞ እስኪታሰብበት ድረስ የቈየ ማኅተም ነው።

የንግግሩም ፍሬ ማንንም ያላዋረደ ስምምነት ሆነ። የስልክ ኩባንያው ከቴአትሩ አጠገብ ባለው መሬት ላይ እንዲሠራ ተስማማ፤ በ1982 የተፈጸመው ባለ 47 ፎቅ ሕንፃው እስከ ዛሬ ከቴአትሩ አጠገብ ቆሞ ይታያል። ማኅበሩ ደግሞ በ1975 ከከተማው ባንኮች 1.8 ሚሊዮን ዶላር ተበድሮ ቤቱን ገዛ። ብድሩን በሦስት ዓመት ውስጥ መክፈል ነበረበት። ሙዚቀኞች ለቤቱ መዳን እየመጡ ተጫወቱ፤ በ1976 ሊነርድ ስኪነርድ የተባለው የደቡብ የሮክ ባንድ በዚሁ መድረክ ላይ ተጫውቶ ዝነኛ ሸክላ አስቀረጸ። ሕዝቡም ትንሽ ትልቁ እንደ አቅሙ አዋጣ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» እንደሚባለው፣ አንድ ዊልያም ፎክስ፣ አንድም ማኅበር ሊሸከመው ያልቻለውን ቤት ከተማው ተከፋፍሎ ተሸከመው። በ1978 ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ዕዳው በሙሉ ተከፍሎ አለቀ። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ወር ሎው ግራንድ የተባለው ያ ሁለተኛው ታላቅ ሲኒማ ቤት ተቃጥሎ፣ በቦታው ሌላ ረጅም ሕንፃ ተሠራበት። የአንዱ ዕዳ በተከፈለበት ዓመት የሌላው ዘመን አበቃ።

ቤትን ከመፍረስ ማዳን አንድ ነገር ነው፤ በየቀኑ መጠበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ጆ ፓተን የተባለውን ሰው ሳናነሣ አናልፍም። ይህ የድምፅ መሣሪያ ባለሙያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዝም ብሎ የቈየውን ታላቅ ኦርጋን ብዙ ወራት ደክሞ አስተካክሎ እንደገና እንዲናገር አደረገው። ቤቱ አደጋ ላይ በወደቀ ጊዜ ከተሟጋቾቹ ግንባር ቀደሙ ሆነ። በ1979 በሕንፃው ውስጥ መኖሪያ ተሰጥቶት፣ የአትላንታ ሰዎች በቀልድ «የፎክስ መንፈስ» እስኪሉት ድረስ በዚያው ኖረ። ኤፕሪል 15 ቀን 1996 ከሌሊቱ ሲነጋጋ እሳት በተነሣ ጊዜ ፈጥኖ አይቶ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን የጠራው እርሱ ነበር፤ ጉዳት ቢደርስም ታላቁ አዳራሽ ዳነ። በ2016 ይህን ዓለም ተሰናበተ። ሕንፃ ነዳፊ፣ ባለሀብትና ሕግ አስፈላጊው ናቸው፤ ነገር ግን ቧንቧውን የሚጠርግ፣ ሽቦውን የሚፈትሽ፣ ሌሊት ጢሱን የሚያሸት ሰው ከሌለው ሁሉም ከንቱ ነው።

ዛሬ ፎክስ ቴአትር በየዓመቱ ብዙ መቶ ሺህ ሰው የሚገባበት የሙዚቃ፣ የተውኔትና የዳንስ ቤት ነው። በበጋ ወራት አሁንም ፊልም ይታይበታል፤ ኦርጋኑም ይጫወታል። በ1976 የአሜሪካ መንግሥት ከብሔራዊ ታሪካዊ ቅርሶች መዝገብ ከፍተኛው ማዕርግ አስገብቶታል። ከ2008 ጀምሮም ቤቱ ራሱ ያገኘውን ዕውቀት ለሌሎች የጆርጂያ ከተሞች አሮጌ ቴአትር ቤቶች እየሰጠ፣ እነርሱ እንዲታደሱ ይረዳል። በአትላንታና በአካባቢዋ በዘመናችን ብዙ ወገኖቻችን ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፣ ከእነርሱ መካከል በዚያ ሰማይ ሥር የተቀመጠ፣ ያንን ዋና በር ያለ አንዳች ከልካይ ያለፈ አይጠፋም። ያ በር እንዲህ ሰፍቶ የተገኘው በነፃ አለመሆኑን ግን ማወቅ ይገባል።

እንግዲህ ክቡራን አድማጮች፣ መጀመሪያ ያነሣናቸው ሦስት ጥያቄዎች መልስ አግኝተዋል። ማን በየትኛው በር ይገባ ነበር ቢባል፣ ለ33 ዓመታት ያህል ሕዝቡ በሁለት በር ይገባ ነበር። ማን የት ይቀመጥ ነበር ቢባል፣ ቆዳው እንደ ፈረደበት ይቀመጥ ነበር። ቤቱ በተቸገረ ጊዜ ማን ደረሰለት ቢባል ግን፣ የሠራው ማኅበር አልደረሰለትም፤ ስሙን የሰጠው ባለሀብትም አልደረሰለትም፤ የደረሰለት ከተማው ነው። የደረሰለትም በሩ ለሁሉ ከተከፈተ በኋላ መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል። ሰው የእኔ ነው ለሚለው ቤት ይሟገታል፤ በጓሮ በር ለሚያስገባው ቤት ግን ልቡ አይሟገትም። ስለዚህ አሮጌ ሕንፃ ማስጠበቅ የሚፈልግ ከተማ አስቀድሞ ሕንፃው የማን እንደ ሆነ ለሕዝቡ በተግባር ማሳየት አለበት።

ሁለተኛም፣ ቤት ሲጠበቅ ታሪኩም ሳይቈረጥ መጠበቅ አለበት። የከዋክብቱን ጣራ ብቻ አውስቶ የተለየውን ደረጃ የሚረሳ ሰው የታሪኩን ግማሽ አፍርሷል። ደረጃውን ብቻ አውስቶ ቤቱ ይፍረስ የሚልም የሌላውን ግማሽ ያፈርሳል። የአትላንታ ሰዎች ቤቱን በማዳናቸው ጌጡንም ነቀፋውንም ልጆቻቸው ሄደው በዐይናቸው የሚያዩበት ቦታ አተረፉ። የፈረሰ ቤት ግን ለማንም መልስ አይሰጥም፤ አይመሰገንም፤ አይወቀስምም።

በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ «ይፍረስ» የሚል ማመልከቻ ዛሬም ነገም ይቀርባል። ብዙው ተገቢ ነው፤ ከተማ ያለ አዲስ ሕንፃ አያድግምና። ይሁን እንጂ ማኅተሙን ከማሳረፋችን በፊት ይህ ቤት የማን ትዝታ ነው፣ ከጎኑስ ሌላ ቦታ የለም ወይ ብለን አንድ ቀን ብናሳድረው፣ የሚጠፋው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የሚተርፈው ግን የብዙ ትውልድ ቅርስ ሊሆን ይችላል።